ጨው በረሃ ይተኛል፣ ለቡ ላይ ይነቃል!

የዛሬው ወጋችን የፍቅር አይደለም። ቆይ ግን፣ ገጹን ለመግለጥ አትቸኩሉ! ፍቅርም ትንሽ አለበት፤ ኬክና ማኪያቶም አለበት፤ ስርቆትም አለበት። ዋናው ባለታሪክ ግን ዝገት ነው። አዎ… መኪና የሚበላው ዝገት! ሌባው ደግሞ ይህን ጽሑፍ የጻፈላችሁ ሰው ነው።

‹‹ባሕር የሌለን ሰዎች የባሕር ዳር ዝገት ምን አገባን?›› የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የእኔ የምንለው ባሕር የለንም። ጨው ግን አለን፤ ያውም አያት ቅድመ አያቶቻችን እንደ ገንዘብ ሲመነዝሩት የኖሩት ጨው! አሞሌ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ገበያ ላይ ብር ሆኖ ሠርቷል። አሞሌው የሚቆረጥበት የአፋር ምድር ዛሬ ደግሞ ፈረንጁም የከተማው ልጅም በላንድክሩዘር እየሄደ ፎቶ የሚነሳበት ሆኗል። ፎቶው ያምራል። መኪናው ሆድ ሥር የሚቀረውን ግን ማንም ፎቶ አያነሳውም።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልና 300 ብር

የምኖረው ለቡ ነው። አጎቴ (የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው) ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተሰጥታኝ ነው ያደግሁት ማለት ይቻላል። አጎቴ አንዲት ነጭ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር አለቻቸው። ‹‹አለቻቸው›› ስል ልክ እንደ ልጅ ነው። ለአስጎብኚዎች እያከራዩ፣ ራሳቸው እየነዱ፣ ሦስት ልጅ ያስተማሩባት መኪና ናት። እኔን አራተኛውን ግን ትምህርት አልሆነልኝም፤ በ2010 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ውጤቱ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አልነበረም። እናቴ አልቅሳ ስታበቃ አጎቴ አንድ ቃል ብቻ አሉ፤ ‹‹መንጃ ፈቃድ ያውጣና ከእኔ ጋር ይሂድ።››

ሄድኩ። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ የአፋር ወቅት ነው። መንገዱን ለማታውቁት ላሳያችሁ። ከመቀሌ ተነስታችሁ ወደ በራህሌ ቁልቁል ትወርዳላችሁ፤ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የነበረው ሰውነታችሁ ሐመድ ኢላ ሲደርስ ከባሕር ወለል በታች መቶ ምናምን ሜትር ላይ ነው። እዚያ ሙቀቱ ቀልድ አያውቅም። ዳሎል ላይ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተለካው የዓመት አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነው፤ ቀንና ሌሊቱ፣ በጋና ክረምቱ ተደምሮ ማለት ነው! ከዚያ አሳሌ ሐይቅ። ነጭ ሜዳ፣ ሰማይና ምድር የሚገናኙበት፣ ግመሎች ጨው ጭነው ተሰልፈው የሚያልፉበት… አንዳንድ ቦታ ጨው ላይ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ውሃ ይተኛል። ቱሪስት ያንን ሲያይ ያብዳል። ‹‹አንድ ጊዜ በውሃው ላይ ንዱልን!›› ይላል። እኛም እንነዳለን። ጎማው የሚረጨው ውሃ በግራና በቀኝ እንደ ክንፍ ይነሳል። ጭብጨባ! ጉርሻ!

አጎቴ ግን ፊታቸው አይፈታም። ‹‹አንተ ልጅ፣ ይሄ ውሃ እንዳይመስልህ፤ አሲድ በለው›› ይሉኛል። በራህሌ ስንደርስ በጀሪካን ውሃ ገዝተው ጎማዋንና ዳሯን ያለቀልቃሉ። ‹‹ዋናው እጥበት አዲስ አበባ ነው፤ ጨው የላሰች መኪና እንዲሁ አትቆምም›› ይላሉ።

ለቡ የምንገባው ከሁለት ቀን መንገድ በኋላ ነው። አጎቴ ወገባቸውን ያማቸዋል፤ መኪና ሥር መግባት ከተዉ ቆይተዋል። ገብተው ከመተኛታቸው በፊት 300 ብር ይሰጡኛል። ‹‹ላይና ታች! ሆዷን በደንብ ያውጡላት፤ ከፍ አድርገው፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ውሃ ይልቀቁባት።››

ላቫጆው ከቤታችን ሩቅ አይደለም። የላይኛው እጥበት ያኔ 120 ብር ነበር፤ ከሆዷ ጋር 300።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ልጅቷ የምትመጣው። ጀሞ ነው ቤቷ። ስትስቅ የምትደፋ ዓይነት ልጅ ናት። ማኪያቶ ትወዳለች፤ ከማኪያቶ ጋር ኬክ፣ ከኬክ በኋላ ደግሞ ጁስ። እኔ ደግሞ ችስታ! አንድ ጠዋት ላቫጆው በር ላይ ቆሜ 300 ብሩን አየሁት… መኪናዋን አየኋት… ‹‹ሆዷን ማን ያያል?›› አልኩ ለራሴ።

የላይኛውን ብቻ አሳጠብኳት። ታጥባ ስትወጣ እንደ ሙሽራ ታበራ ነበር። አጎቴ ከእንቅልፋቸው ተነስተው በእጃቸው ዳበስ አደረጓትና ‹‹ጎበዝ›› አሉኝ። 180 ብሩ ኪሴ ውስጥ ነበር።

በሁለት ወቅት ውስጥ ይህንን ሰባት ጊዜ አደረግኩት። ሰባት!

ነሐሴ 16፣ እንጦጦ

2012 ዓ.ም. ታስታውሳላችሁ። መጋቢት ላይ ኮሮና መጣ፤ ቱሪስት ጠፋ፤ ሥራ ቆመ። ነጯ መኪና ግቢ ውስጥ ቆመች። ክረምቱ ደግሞ ክረምት ነበር፤ ለቡ ጭቃ ሆነች፤ ዝናቡ ቀንም ሌሊትም ይወርዳል። እኔ በመስኮት እያየሁ ‹‹ይኸው እግዜር ራሱ እያጠባት አይደል›› እያልኩ እስቅ ነበር።

ነሐሴ 16 ቀን የፍልሰታ ፍቺ ነው። እናቴ እንጦጦ ማርያም ካላስቀደስኩ ብላ ያዘች። አጎቴ ነዱ፤ እኔ ከጎናቸው፤ እናቴና የአጎቴ ትንሿ ልጅ ከኋላ። ስንመለስ ቁልቁለቱን ወደ ሽሮ ሜዳ እየወረድን ነው። መንገዱ ረጥቧል። ፊት ለፊታችን እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይሄዳሉ።

አጎቴ ፍሬን ያዙ። ፔዳሉ ሰተት ብሎ ወለሉን ነካ።

አልጮኹም። እኔ ነኝ የጮኽኩት። ደጋግመው ረገጡት፤ የፊቱ በግማሽ ልብ ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። ማርሹን ወደ ሁለተኛ አወረዱ፤ ሞተሩ አጓራ፤ የእጅ ፍሬን ሳቡ፤ መሪውን ወደ ግራ ወደ አፈሩ ገደል ጥግ አዞሩትና ጎኗን እያሻሹ… እያሻሹ… ቆመች። ከእንጨት ተሸካሚዎቹ እስከ ኮፈናችን ያለው ርቀት አንድ ሰው ተኝቶ የሚሞላው ነበር።

እናቴ ‹‹እመብርሃን›› ብቻ አለች፤ ደጋግማ። የአጎቴ እጅ መሪው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። የማንም አፍንጫ አልደማም። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ኬክ አይጥመኝም።

‹‹ቅመሰው!››

መኪናዋ በሌላ መኪና ተጎትታ ለቡ ሰፈራችን ያለ ጋራዥ ገባች። መካኒኩ ወጣት ነው፤ ግን እጁ የሽማግሌ እጅ ነው። ሥሯ ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ የኋላውን የፍሬን ቱቦ ቁራጭ ይዞ ነበር። ውጩ እንደ ቅርፊት ይረግፋል፤ መሃሉ ላይ መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ አለች። ፍሬን ሲረገጥ ዘይቱ በዚያች ቀዳዳ ነው ያመለጠው።

‹‹ጋሼ፣ ይሄ እኮ ትንሹ ነው›› አላቸው። ከዚያ እኔን ጠራኝና አብሬው ሥሯ ገባሁ። ባትሪ አበራልኝ። ከላይ ነጭ፣ ሙሽራ የነበረችው መኪና ከታች ቡናማ ነበረች። ባሌስትራው መሃል ዝገቱ እንደ ብስኩት ተነባብሮ ቅጠሎቹን ፈልቅቋቸዋል። ካቻቢቴውን ወደ ሻንሲው አስጠግቶ ጫን ሲያደርገው ‹‹ቀጭ›› ብሎ ገባ። ብረት ውስጥ እኮ ነው! ቀዳዳው ውስጥ ጣቱን ሰዶ ነጭ ነገር አወጣና ‹‹ቅመሰው›› አለኝ።

ቀመስኩት። አሳሌ ነበር! ስድስት ወር ቆሞ፣ ክረምት አልፎበት፣ ለቡ ላይ ምላሴን ያቃጠለኝ የአሳሌ ጨው።

‹‹ሆዷን አታሳጥቧትም ነበር እንዴ?›› ብሎ አጎቴን ጠየቃቸው።

‹‹ሁልጊዜ! አንድም ቀን ሳትታጠብ ቀርታ አታውቅም። ይኸው ምስክሬ›› ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ።

እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። አዎ፣ ነቀነቅኩ።

ጨው ብረት የሚበላው እንዴት ነው?

ያን ዕለት መካኒኩ ያስረዳኝን፣ በኋላም ራሴ አንብቤ ያረጋገጥኩትን ላካፍላችሁ። ብረት የሚዝገው ውሃና አየር ሲያገኙት ነው። ጨው ብቻውን ዝገት አይደለም፤ ነገር ግን ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ውሃው ኤሌክትሪክ እንደልብ እንዲያስተላልፍ ያደርገዋል፤ ዝገት ደግሞ በመሠረቱ የኤሌክትሪክ ሥራ ነው። ብረቱ አንድ ቦታ ላይ እየተበላ ሌላው ቦታ ላይ ኦክሲጅን ይቀበላል፤ ልክ እንደ ትንሽ ባትሪ። ጨዋማ ውሃ ያንን ባትሪ ያፈጥነዋል። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። የአሳሌ ውሃ ግን ከዚህ በላይ ጨው ማሟሟት ወደማይችልበት ደረጃ የተጠጋ ስለሆነ ከባሕሩ ብዙ እጥፍ ነው።

አሁን ደግሞ ብልሃቱን ስሙ። ጨው አየር ላይ ካለው እርጥበት ውሃ ይስባል። ይህን ለማወቅ ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም፤ በክረምት የእናታችሁን ወጥ ቤት የጨው ዕቃ ክፈቱ፤ ረጥቦ ተጋግሮ ታገኙታላችሁ። ተራ የገበታ ጨው ውሃ ስቦ መቅለጥ የሚጀምረው የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲሆን ነው። ዳሎል አካባቢ ካሉት ጨዎች አንዱ የሆነው ማግኒዥየም ክሎራይድ ግን 33 በመቶ ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ በረሃው ደረቅ ሲሆን ጨው ብረቱ ላይ ደርቆ ይተኛል፤ ብዙም አይነካውም። ያንኑ ጨው ሻንሲ ውስጥ ደብቃችሁ አዲስ አበባ አምጡትና ሰኔ ሲገባ እዩት! ይነቃል። ዝናቡ ከላይ የሚታየውን ያጥባል እንጂ ሻንሲ ውስጥ ያለውን፣ ባሌስትራ መሃል የተደበቀውን፣ በር ሥር የተቋጠረውን አያወጣም። እንዲያውም ያርሰዋል። ‹‹እግዜር እያጠባት ነው›› ብዬ ስስቅ የነበረው ልክ ያኔ ነው፤ እየተበላች እያለች።

‹‹ቶዮታ አይዝግም›› የሚሉ ወዳጆችም አሉኝ። ቶሮንቶ ያለችው የአክስቴ ልጅ ትስቅባቸዋለች፤ እዚያ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል፤ መኪና ሁሉ ከታች ይበላል። ቶዮታ ራሱ በ2016 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በፒክአፖቹ ሻንሲ ዝገት የተነሳበትን ክስ በስምምነት ለመዝጋት እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊያወጣ የሚችል ውል ገብቷል። ብረት ብረት ነው ወዳጄ፤ አርማውን አይቶ የሚምር ጨው የለም።

ደላላው የተናገረው ቃል

የፍሬኑ ቱቦ ተቀየረ። ለሻንሲው ግን ገንዘብ አልነበረም። ከዚያ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሳ፤ የመቀሌ መንገድ ተዘጋ። የሰውን ሕይወት ያህል ትልቅ ነገር ሲጠፋ ስለ መኪና ማውራት ያሳፍራል፤ ግን የአጎቴም እንጀራ አብሮ ቆመ። ታኅሣሥ ላይ ‹‹ልሽጣት›› አሉ።

ደላላ መጣ። ሥሯን አይቶ አፉን በእጁ ያዘ። ቀጥሎ ግን ፈገግ አለ። ‹‹ጋሼ፣ ምንም ችግር የለም። የተበሳውን በስቱኮ እንደፍነዋለን፤ ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ካትራሜ እንቀባታለን፤ ጥቁር፣ አዲስ ትመስላለች። ገዥውም አግኝቻለሁ፤ ወጣት ነው፤ በቅርብ ልጅ ወልዷል፤ ገጠር ለገጠር ሰው ሊጭንባት ነው።›› አጎቴ ዝም ሲሉ ጊዜ ጨመረ፤ ‹‹ደግሞስ ሆዷን ማን ያያል?››

ውድ አንባብያን፣ ቃል በቃል! ላቫጆው በር ላይ ለራሴ የተናገርኳት ቃል በሰው አፍ ተመልሳ መጣችብኝ። እዚያው ቆሜ እያለሁ እንጦጦ ታየኝ፤ የእናቴ ‹‹እመብርሃን›› ተሰማኝ፤ ከዚያ የማላውቀው ልጅ፣ የማላውቃት አራስ…

ደላላው ከሄደ በኋላ ነገርኳቸው። ሁሉንም። 300ውን፣ 120ውን፣ ኬኩን፣ ልጅቷን። መሬት መሬት እያየሁ ነው የተናገርኩት።

አጎቴ ብዙ ጊዜ አልተናገሩም። ከዚያ ‹‹ስንት ጊዜ?›› አሉ።

‹‹ሰባት።››

‹‹1,260 ብር›› አሉ። እንደ ነጋዴ ወዲያው ነው ያሰሉት። ቀጥለው ግን ‹‹ገንዘቡን አይደለም የማስበው። እንጦጦ ላይ ከኋላ የተቀመጠችው እናትህ ነበረች›› አሉኝ። ጥፊ ቢያቀምሱኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ገዥው መጣ። ካትራሜ የለ፣ ስቱኮ የለ። አጎቴ ራሳቸው ባትሪ ሰጡትና ‹‹ግባና እያት›› አሉት። ገባ፤ አየ፤ ወጣ። ‹‹እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ›› ብሎ እጃቸውን ጨብጦ ሄደ። ደላላው ስልኩን ጆሯችን ላይ ዘጋው። መኪናዋም ቀረች።

ሻንሲዋ ቀስ በቀስ ተሠራ፤ የበሰበሰው ተቆርጦ ወጥቶ አዲስ ላሜራ ተበየደ፤ ቱቦዎቹ ሁሉ ተቀየሩ። ከ60 ሺህ ብር በላይ ፈጀ። 1,260 ብር ቆጥቤ 60 ሺህ ብር አወጣሁ ማለት ነው፤ እንደኔ ያለ ኢኮኖሚስት የለም! ያንን ገንዘብ በግማሽ ያህል የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጋራዡ ውስጥ ቀን እየሠራሁ፣ ማታ ደግሞ ጽሑፍ እየጻፍኩ።

እንዲህ አድርጉ፣ እንዲህ አታድርጉ

የተማርኩትን በከንቱ አላስቀረውም። አሳሌም ሂዱ፣ አፍዴራም ሂዱ፣ ጅቡቲ ባሕር ዳር ዘልቃችሁም ጎማ አርጥቡ፤ የሚከተለውን ያዙ።

አንደኛ፦ ከመሄዳችሁ በፊት ሥሯን አሳዩ። ደረቅና ንጹሕ ሆና ሳለ ሰምነት ያለው የዝገት መከላከያ ስፕሬይ ሻንሲው ውስጥም ውጭም ይረጭላት። ግራሶ መውሰጃ ቦታዎቿ ሁሉ ግራሶ ይጠጡ። ግራሶ ቅባት ብቻ አይደለም፤ ውሃ እንዳይገባ በር የሚዘጋ ዘበኛ ነው።

ሁለተኛ፦ ውሃው ላይ ለፎቶ አትንዱ። ፎቶውን ቆማችሁም መነሳት ይቻላል። የግድ ከሆነ በዝግታ፤ በፈጠናችሁ ቁጥር ጨዋማው ውሃ ሞተር ክፍል ድረስ፣ ራዲያተርና ሽቦ ድረስ ይረጫል። መንገዱን ከሚያውቅ የአፋር ልጅ ውጭ ሰው አትስሙ። ይህ ለመኪናውም ለነፍሳችሁም ነው፤ የጨው ቅርፊቱ ሥር ጭቃ አለ።

ሦስተኛ፦ ጨው ሳይደርቅና ሳይደበቅ፣ የመጀመሪያው ንጹሕ ውሃ ያለበት ከተማ ላይ እጠቡ። አዲስ አበባ ደርሰን አትበሉ፤ አጎቴም ዛሬ ይህን ስህተታቸውን ያምናሉ። ቁም ነገሩ የውሃው ግፊት ሳይሆን ብዛትና ጊዜ ነው። ጨው ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ግን ጊዜ ስጡት። በጣም ቅርብ ሆኖ በኃይል የሚረጭ ውሃ ጨውን ጭራሽ ወደ ስንጥቅ ይገፋዋል፤ ኩሽኔታና ሽቦ መጋጠሚያ ውስጥም ይገባል።

አራተኛ፦ የተደበቀውን ቦታ ፈልጉ። ሻንሲው ጎን ላይ ቀዳዳዎች አሉት፤ ጎማውን ቱቦ በአንዱ አስገብታችሁ በሌላው ንጹሕ ውሃ እስኪወጣ ልቀቁ። የበሮቹ ታችኛ ጠርዝ ላይ ያሉት ትናንሽ መውረጃ ቀዳዳዎች በጭቃ ከተደፈኑ በስንጥር ክፈቷቸው። ፓራፋንጎውን ከውስጥ፣ ባሌስትራውን ከጎን፣ የነዳጅ ጋኑን ከላይ፣ ትርፍ ጎማ ማስቀመጫውን፣ የፍሬን ቱቦዎቹን፣ ከማርሚታው በላይ ያለውን። ራዲያተሩን ከሞተር በኩል ወደ ፊት አለቅልቁት። ውስጥ ያለውን ምንጣፍ አውጡ፤ በጫማችሁ ያስገባችሁት ጨው እዚያ ነው ያለው።

‹‹ለቡ ላይ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው›› ትሉኝ ይሆናል። አውቃለሁ፤ እኔም እዚሁ ነኝ! ፈረቃው በሚደርስበት ቀን በርሜል ሙሉ፤ አንድ ጊዜ በብዙ ውሃ ሳይሆን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት፣ ሦስት ቀን ደጋግማችሁ አለቅልቁ። ጣታችሁን ሻንሲው ላይ አሹና ቅመሱ። ሳቃችሁ? ከምላስ የተሻለ መመርመሪያ እስካሁን አላገኘሁም።

አምስተኛ፦ አድርቁ። በሮቿን ከፍታችሁ ፀሐይ ላይ አቁሟት። እርጥብ መኪና ላይ ሸራ ማልበስ ዝገትን ብርድ ልብስ ማልበስ ነው።

ስድስተኛ፦ የተቃጠለ ዘይትና ናፍታ ማስረጨት ይቅርባችሁ። ብዙ ቦታ ይህን ያደርጋሉ፤ ለጊዜው ያብረቀርቃል። ግን ጎሚኒና ሌላውን የላስቲክ ዕቃ ያበላሻል፤ አቧራ ይለጥፋል፤ ፍሬን ላይ ከደረሰ አደጋ ነው፤ የሚንጠባጠበውም መሬታችንንና ወንዛችንን ይመርዛል።

ሰባተኛ፦ ዝገት ከጀመረ አትሸፍኑት። ዝገት ላይ የተቀባ ካትራሜ እርጥበቱን ውስጥ ቆልፎ ሥራውን በሰላም እንዲቀጥል ያደርገዋል። በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪታይ ይፈተግ፤ ይታጠብ፤ ይድረቅ፤ ከዚያ አንቲረስት፣ ቀጥሎ ቀለም። የፍሬን ቱቦ ግን አይፈተግም፤ አይጠገንም። ከተጎረበጠ ይቀየራል፤ አለቀ። ከመዳብና ከኒኬል ቅልቅል የተሠራ ቱቦ ካገኛችሁ ከተራው ብረት ይልቅ ዝገትን ይቋቋማል።

ስምንተኛ፦ መኪና ልትገዙ ከሆነ ልብሳችሁ ይቆሽሽ እንጂ ሥሯ ግቡ። ባትሪና ትንሽ ማግኔት ያዙ፤ ማግኔቱ ላሜራ ላይ ይጣበቃል፣ ስቱኮ ላይ ግን ይወድቃል። አሮጌ መኪና ሆና ሥሯ ብቻ አዲስ ጥቁር ከሆነች ‹‹ለምን?›› በሉ። ቦሎ ስላላት ብቻ አትመኑ፤ የዓመት ምርመራ የዚያን ቀኗን መኪና እንጂ የመጪውን ክረምት አያይም። ዛሬ ደግሞ ነዳጅ የሚጠጣ የቤት አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ ከዚያም በፊት በ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባት ከተወደደ ወዲህ፣ ያለችንን መያዝ እንጂ ‹‹ሌላ እገዛለሁ›› የሚባልበት ዘመን አይደለም።

ላንጋኖና አብያታ ለምትወዱትም አንዲት ቃል፤ የላንጋኖ ውሃ ያን ያህል አያስፈራም፤ የአብያታ ነጭ ዳርቻ ግን ሶዳ ነው። ሶዳ ደግሞ በተለይ አሉሚኒየምን አይወድም። ስትመለሱ አለቅልቁ።

ኬኩን የበላችው ልጅ

‹‹ልጅቷስ?›› እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ስታነቡ የቆያችሁት ለእሷ ነው። ባል አግባች፤ እኔን አይደለም። ይቅናት። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አታውቅም ነበርና ጥፋተኛ አይደለችም። ለነገሩ እኔም ራሴን ያቀረብኩላት እንደዚያች መኪና ነበር፤ ላይ ላዩ የታጠበ፣ ሥሩ የተደበቀ። ብታገባኝ ኖሮ ያቺንም አንድ ክረምት ላይ ፍሬን በጠሰ እላት ነበር።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ጉዞው ቀስ በቀስ ሲጀመር፣ እኛም በሰመራ በኩል እንደገና ወደ አሳሌ ወረድን። አጎቴ አሁን ከጎን ነው የሚቀመጡት፤ የምነዳው እኔ ነኝ። ስንመለስ ሰመራ ላይ መኪናዋን ከፍ አድርጌ አቆምኩና ላቫጆውን አመስግኜ ቱቦውን ራሴ ተቀበልኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ ሥሯ ነበርኩ። ስወጣ ከጭቃ የወጣ ጉማሬ መስዬ ነበር።

አጎቴ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ያዩኛል። ኪሳቸው ገቡና 300 ብር አወጡ። ያው የድሮው ዋጋ ነው፤ ዛሬ የላይኛውንም አያሳጥብም። እጄ ላይ አስቀመጡልኝና ምንም አላሉም።

ብሩን አልመነዘርኩትም። እስከ ዛሬ ኮፈኑ ሥር ሳይሆን የመንጃ ፈቃዴ ማኅደር ውስጥ አለ። ‹‹ማን ያያል?›› የሚለው ሐሳብ በመጣብኝ ቁጥር አወጣውና አየዋለሁ።

በሉ ወዳጆቼ፣ መኪና ያላችሁ ዛሬ ማታ ጎንበስ ብላችሁ ሥሯን እዩ። መኪና የሌላችሁም ጎንበስ በሉ፤ የምታዩት አታጡም።